ኮሪያን በቡና ላይ ስናማ

ሰው እንጀራውን እየበላ የሚኖርበትን አገር ማማቱ ያለ ነው፤ ኮሪያ ያለን ሐበሾች ግን እንጀራው እንደ ልብ ስለማይገኝ የምናማው በቡና ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሴኡል ወይም በዙሪያዋ ካሉት ከተሞች ባንዱ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ አራት አምስት ሆነን ረከቦት ከበን ስንቀመጥ አጀንዳው ያደረ ነው። አንዱ "እነዚህ ሰዎች እኮ…" ብሎ ይጀምራል፤ እነማን እንደሆኑ የሚጠይቅ የለም። ተማሪው ፕሮፌሰሩን፣ ፋብሪካ የሚሠራው አለቃውን፣ ኮሪያዊ ያገባችው አማቷን ታነሣለች። በረካው እስኪቀዳ ድረስ አገሪቱ ከጄጁ ደሴት እስከ ሰሜኑ ድንበር ሽቦ ታምታ ታልቃለች።

እኔም አማለሁ። እያማሁ ግን አዳምጣለሁ፤ ሳዳምጥ የታዘብኩት ደግሞ ይህ ነው፦ አብዝቶ የሚያንገበግበን ኮሪያኖች ከእኛ የሚለዩበት ነገር አይደለም። ለልዩነቱማ "ያው ፈረንጅ ናቸው" ብለን እናልፋቸዋለን። የማንምራቸው እኛን ሲመስሉ ነው።

ዕድሜን እንውሰድ። "ስምህን በቅጡ ሳይዙ ስንት ዓመትህ ነው ይሉሃል!" የሐሜቱ መክፈቻ ይህ ነው። ዕድሜው ሲታወቅ አግብተሃል ወይ፣ ለምን አላገባህም፣ አባትህ ምን ይሠራሉ፣ ያችን ክፍል በስንት ተከራየሃት ይከተላል። "የግል ሕይወት የሚባል ነገር አያውቁም" ይላል ወዳጃችን። ይህን የሚለው ሰው የደሴ ልጅ ነው። ከደሴ አዲስ አበባ በአውቶቡስ ተሳፍሮ፣ ደብረ ብርሃን ሳይደርስ የማን ልጅ እንደሆነና ደመወዙ እናቱን ለመጦር ይበቃው እንደሆነ አጠገቡ ለተቀመጡት እናት ያላስረዳ መንገደኛ ካለ ይምጣና ይሟገተኝ። ወዳጃችን የግል ሕይወት የሚባለውን ነገር የተዋወቀው ኢንቼን አውሮፕላን ማረፊያ ካረፈ በኋላ ነው፤ እንደ አዲስ ጫማ ገና እየቆረጠው ነው።

ኮሪያዊ ዕድሜ የሚጠይቀው ለወሬ ብቻ አይደለም። ታላቅና ታናሽ ሳይለይ አፉን መክፈት ይቸግረዋል፤ ባንድ ዓመት የሚበልጠውን ሰው እንኳ በስሙ ብቻ አይጠራም። የአክስቷን ልጅ ጋሼ እያለች ያደገች እህታችን ይህን "ኋላ ቀርነት" ብላዋለች። የዕድሜ አቆጣጠራቸውንም አልተውንላቸውም። በልማዳቸው ሕፃን ሲወለድ አንድ ዓመት ብሎ ይጀምርና አዲስ ዓመት በገባ ቁጥር አንድ ይጨምራል፤ ስለዚህ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 31 ማታ የተወለደ ልጅ በማግስቱ ጠዋት ሁለት ዓመቱ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 ሥራ ላይ የዋለ ሕግ ሁሉም በልደት ቀኑ ይቆጠር ቢልም፣ በየማዕዱ አሮጌው ቁጥር ገና አልሞተም። እዚህ ላይ ቡናው በሳቅ ሊደፋ ይደርሳል። የሚስቁት እንግዲህ 13 ወር ያለው ዓመት ይዘው የመጡ፣ ከሌላው ዓለም ሰባት ስምንት ዓመት የዘገዩ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ቁርስ የሚበሉ ሰዎች ናቸው። ኮሪያኖቹም እ.ኤ.አ. እስከ 1961 ድረስ የመንግሥታቸውን ደብዳቤ የሚጽፉት በራሳቸው ዘመን ነበር፤ 1961 ለእነሱ 4294 ነው። እነሱ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቀድመው፣ እኛ ሰባት ዓመት ዘግይተን፣ ሁለታችንም በቀጠሮው አልተገኘንም።

ይህን የዘመን ልዩነት ግን ለጥቅሙ ያዋለ አንድ ልጅ አውቃለሁ። ፓስፖርቱ ላይ የተወለደው በ1991 ነው፤ በእኛ 1983። ሥራ በጀመረ ሰሞን አጠገቡ የሚቀመጠው ኮሪያዊ 1988 መወለዱን ሲሰማ ሆዱ ተላወሰ። በሦስት ዓመት ተበልጦ መጠጥ ቀጂ ሊሆን ነው። "እኔ እንኳ 1983" አለ፣ ዓይኑን ሳያሽ። ሐሰት አልተናገረም፤ እናቱም የሚሉት ይህንኑ ነው። ኮሪያዊው ወዲያው ወንበሩ ላይ ተስተካከለ። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ሞላለት፣ የራሱን ሲጠጣ ፊቱን ወደ ግድግዳው ዞር አደረገ፣ "ታላቅ ወንድሜ" አለው። ልጁ አገሩ የገባ ያህል ተሰማው። ሁለት እጅ ካየ ሰንብቷል፣ ደስ ቢለው አይፈረድበትም። ደስታው የዘለቀው ግን ሒሳብ እስኪመጣ ነው። ኮሪያ ውስጥ የሚከፍለው ታላቅ ነው። ምሳውን ከፈለ፣ ቡናውን ከፈለ፣ ታናሽ ወንድሙ ሌሎች ታናናሽ ወንድሞችን እየሰበሰበ መጣ። ደመወዝ ሳይደርስ ኪሱ ሲራቆት፣ ፓስፖርቱን ይዞ ቢሮ ገብቶ ስለ ጎርጎርዮስና ስለ ዓመተ ምሕረት ማብራሪያ ሰጠ፣ "ለካስ ታናሽህ ነኝ" ብሎ ራሱን ከማዕረግ አወረደ። ዛሬ እሱ ይቀዳል፣ ያኛው ይከፍላል።

ሌላው ሐሜት የመሥሪያ ቤት ራት ነው። አለቃው "ዛሬ ማታ አብረን እንበላለን" ካለ ቀጠሮ አለብኝ አይባልም። መጀመሪያ ሥጋ ቤት፣ ከዚያ ቢራ ቤት፣ ከዚያ ዘፈን መዝፈኛ ክፍል፤ ጠዋት ደግሞ ሁሉም በሰዓቱ ሥራ ገበታው ላይ ነው። "ግዴታ ነው እኮ! ነፃነት የለም!" ይላል፣ ለቅሶ በመቅረቱ ከእድሩ ቅጣት የተጣለበት ሰው። ያም ሆኖ እዚህ ላይ እውነተኛ ችግር አለ፤ ጾም።

አዲስ አበባ ሳለ ዓርብን ከቅዳሜ ለይቶ የማያውቅ ሰው ኮሪያ ሲገባ ጿሚ ይሆናል። ለምን እንደሆነ አልተመራመርኩም፤ አይቻለሁ ብቻ። አንዱ እንዲህ ያለው ወዳጃችን በዓቢይ ጾም መካከል፣ በዕለተ ረቡዕ፣ ራት ተጠራ። ሥጋ አልበላም ብሎ ቀድሞ አስታውቋል። አለቃው ደግ ሰው ነው፣ "ምንም ችግር የለም፣ እናስተካክላለን" ብሎታል። ወጡ ቀረበ፤ ሥጋው በማንኪያ ተለቅሞ ወጥቶለታል፣ መረቁ ግን እንደነበረ ነው። እሱን ሲገፋው እንቁላል መጣ። እንቁላሉንም ሲገፋ ካም በሩዝ መጣ። "ይሄ ሥጋ አይደለም" አለችው አስተናጋጇ፣ "ካም ነው።" ወዳጃችን ተስፋ ቆርጦ ኪምቺውን ይዞ ተቀመጠ፤ ጎመን ብቻ መስሎት ነው፤ በውስጡ የተብላላ ሽሪምፕና የአንቾቪ መረቅ እንዳለበት የነገረው የለም። ያን ጊዜ አለቃው በመዳፉ ላይ የሰላጣ ቅጠል ዘረጋ። ከምጣዱ ላይ የጠበሰውን አሳማ አስቀመጠበት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ድልህ አከለበት፣ ጠቀለለው፣ እጁን ዘርግቶ ወደ አፉ አቀረበለት። ጠረጴዛው ሁሉ ጸጥ ብሎ ያያል።

ጉርሻ ነው እንግዲህ! "ኮሪያኖች ፍቅር አያውቁም፣ ጉርሻ የላቸውም" እያለ በየእሑዱ ሲሰብከን የነበረው ይህ ሰው ነው። ዓይኑን ጨፍኖ ዋጠ። "ጉርሻ አይመለስም፣ ነውር ነው" አለን በኋላ ሲያወራ። ከዚያስ ስንለው ጾሙን መቀጠሉን ነገረን፤ በአገሬው አረቄ፣ በሶጁ። ሶጁ የጾም ነው።

እኔን በግሌ የሚያበሽቀኝ ሌላ ነው፤ እዚህ ላይ ሐሜቴ ንጹሕ ሐሜት ነው፣ ምንም አንመሳሰልም። የአገሬው ስም ባብዛኛው ሦስት ፊደል ነው፣ አንዱ የቤተሰብ፣ ሁለቱ የራስ። ከመቶው ኮሪያዊ 45 ያህሉ ወይ ኪም፣ ወይ ሊ፣ ወይ ፓርክ ነው። ቅጹም ኮምፒዩተሩም ለዚህ ስም የተሰፋ ነው። ወልደሚካኤል፣ ገብረመድኅን፣ ኃይለማርያም የሚል ስም ሲመጣበት መሣሪያው ይጨነቃል። ባንኩ የስሜን ጭራ ቆረጠው፤ የስልክ ድርጅቱ ያለ ክፍተት አያይዞ ጻፈው፤ መታወቂያዬ ላይ ደግሞ ከአያቴ ጀምሮ ተገልብጦ ሰፈረ። ኮሪያ ውስጥ የባቡር ቲኬት ለመቁረጥም ሆነ ራት ለማዘዝ ስልክህ ላይ ማንነትህን አረጋግጥ ትባላለህ፤ ሦስቱ መዝገቦች ካልተስማሙ አንተ የለህም። በፍጥነቱ የታወቀው ኢንተርኔታቸው በግማሽ ሰከንድ ውስጥ አለመኖሬን ያረዳኛል። ክሊኒክ ስሄድ ደግሞ የሚጠሩት አያቴን ነው። ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ከሞቱ ስንት ዘመናቸው፤ ሴኡል ውስጥ ግን ጥርስ ሊያስነቅሉ በየጊዜው ይጠራሉ፣ እኔም አቤት እያልኩላቸው እገባለሁ። ባንድ ነገር ብቻ ተግባብተናል፤ ኮሪያዊት ሚስትም የአባቷን ስም እንደያዘች ነው የምትኖረው። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን እንደሚገጥማቸው "የእውነት ባለቤትህ ናት?" ብሎ በጥርጣሬ የሚያይህ የለም።

ስለ ንፋስ ደግሞ ሳናወራ የምናሳልፈው ክረምት የለም። በዕድሜ ገፋ ያሉ ኮሪያኖች በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማራገቢያ ከፍቶ የተኛ ሰው ሞቶ ያድራል ብለው ያምናሉ፤ ማራገቢያዎቻቸው በራሳቸው ጊዜ የሚጠፉ የሆኑትም ከዚህ የተነሣ ነው ይባላል። የቤቱ አከራይ ሴትዮ በነሐሴ ሙቀት ማራገቢያውን እንዳታጠፋብን ደብቀን እንከፍታለን፣ እንስቃለን። የምንስቀው እኛ ነን፦ ከመገናኛ ፒያሳ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ፣ አሥራ ስድስት ሰው ተጠቅጥቆ ላብ በላብ እየሆነ፣ "ንፋስ ይመታናል፣ መስኮቱን ዝጋው!" የምንል። በነገራችን ላይ "አንተ አፍሪካዊ ነህ፣ ሙቀቱ ምንም አይልህም" የሚሉት ነገር አለ። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ላደገ የአዲስ አበባ ልጅ የሴኡል ሐምሌ የገሃነም ደጃፍ መሆኑን ማስረዳት ትቻለሁ፤ አላምን ሲሉኝ ላቤን አሳያለሁ።

ወደ ጎረቤት እንምጣ። ሱዎን የምትኖር እህታችን ቡና ስታፈላ ዕጣን ሳታጨስ አይሆንላትም። አንድ እሑድ ከታች የሚኖሩ ሴትዮ በሩን አንኳኩ። ኮሪያ ውስጥ ጎረቤት ካንኳኳ ለስሞታ ነው፤ ልጆች ሮጠዋል፣ ወይ ወንበር ተጎትቷል። ሴትዮዋ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ጠየቋት። ኮሪያኛዋ ገና ያልጠና ስለነበር ፈገግ ብላ "አዎ አዎ" አለች። ሴትዮዋ ሁለት እጃቸውን አጋጥመው፣ ጎንበስ ብለው ሄዱ፤ ጥቂት ቆይተው የፒር ፍሬ በካርቶን ይዘው ተመለሱ። ለካ ዕጣን በእነሱ ዘንድ በአብዛኛው የለቅሶና የሙት ዓመት ሽታ ነው፤ የጠየቋትም "ቤተሰብ ሞቶባችሁ ነው?" ብለው ነው። በሚቀጥለው እሑድም ዕጣን ጨሰ። ከዚያም በሚቀጥለው። ሴትዮዋ ሊፍት ውስጥ ባገኟት ቁጥር በሐዘኔታ ያይዋታል፤ ይህን ያህል ሰው የሚያልቅበት ቤተሰብ አይተው አያውቁም። አሁን ኮሪያኛው ለምዷታል፣ ማስተባበልም ትችል ነበር። ፒሩ ግን ጥሩ ነው።

እኚሁ ሴትዮ በቆሻሻ ላይ ርኅራኄ የላቸውም። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ቆሻሻ የሚጣለው በክፍያ በሚገዛ የማዘጋጃ ቤት ፌስታል ነው፤ የምግብ ትራፊው ለብቻ፣ ፕላስቲኩ ለብቻ፣ ወረቀቱ ለብቻ። ነገሩ ቀላል ይመስላል፣ ዶሮ ወጥ እስኪሠራ። የዶሮ አጥንት የምግብ ትራፊ አይደለም። የእንቁላል ቅርፊትም አይደለም። የሽንኩርት ልጣጭም አይደለም። ለከብት መኖነት የማይሆን ነገር ሁሉ ወደ ተራው ፌስታል ይገባል። ለፋሲካ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚላጥ የምታውቁ ታውቃላችሁ። እህታችን ሁሉንም ባንድ ከረጢት አስራ በሌሊት ብታስቀምጥ፣ ጠዋት ሴትዮዋ ጓንት አጥልቀው ልጣጩን ከአጥንቱ ለቅመው፣ ከረጢቱን በሯ ላይ መልሰው ሰቅለውላት አገኘች። በዚህ ጉዳይ እኔ ከሴትዮዋ ጋር ነኝ። ቡናው ላይ ግን አላልኩም፤ ሰው ጋር መኖር አለብኝ።

ቡና ካልን፣ ጥር ላይ በረዶ የተጨመረበት አሜሪካኖ ይዘው፣ ጣታቸው ቀልቶ በመንገድ ሲሄዱ ማየቱ ይበቃ ነበር። የባሰው ግን ካፌ ገብተን ስናዝዝ ነው። ልጅቷ "ይርጋጨፌ" የሚለውን ከሰሌዳው ላይ አሳይታ የአበባ መዓዛ እንዳለው፣ ኮምጠጥ እንደሚል ታስረዳለች፤ የምታስረዳው ለዲላ ልጅ ነው። "ቡና ይኮመጥጣል? ከሰል አልቆባችሁ ነው?" ብሎ በአማርኛ ይስቃል። ተክሉ ስለሚበቅልበት ከፍታ፣ ስለ አስተጣጠቡ ልትጠይቀው ስትል ግን ወሬ ይቀይራል፤ የዲላው ልጅ ቡና የሚያውቀው ከጀበና ወዲህ ነው።

ሁሉም ሐሜት ሲያልቅ የሚመዘዝ አንድ ሰይፍ አለን፤ ለኮሪያ ጦርነት የዘመተው ጦራችን፣ ቃኘው። "አባቶቻችን ባይሞቱላቸው ኖሮ!" የቃኘው የመጀመሪያው ሻለቃ ፑሳን የደረሰው በግንቦት 1951 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከ120 በላይ ወታደሮች ወደቁ፣ አንድም ሰው አልተማረከም። ቹንቾን ከተማ ላይ መታሰቢያ አላቸው፤ ንጉሠ ነገሥቱም እ.ኤ.አ. በ1968 ኮሪያን ሲጎበኙ እዚያው ተገኝተዋል። በየተራው የዘመቱት ብዙ ጊዜ ሲጠቀሱ 6,037 ናቸው። ኮሪያ ውስጥ ያገኘሁት ሐበሻ ሁሉ ዘማች አያት ስላለው ግን ይህ ቁጥር እንዴት እንደሚበቃ አይገባኝም። አያቱ ጎጃም ውስጥ ከማረሻ ሌላ ያልጨበጡ ሰው፣ ከትራፊክ ፖሊስ ጋር ሲጨቃጨቅ ድንገት የቃኘው መቶ አለቃ ይሆኑለታል።

ሆኖም ይሠራል። አንድ ጠዋት የታክሲ ሾፌር ሽማግሌ ከየት ነህ አሉኝ፤ ስነግራቸው በመስተዋቱ አዩኝ፣ "አበበ!" አሉ። እ.ኤ.አ. በ1966 አበበ ቢቂላ ከኢንቼን ሴኡል ሮጦ ሲያሸንፍ ልጅ እንደነበሩ ነገሩኝ፤ ቀጥለው ስለ ጦርነቱ አመሰገኑኝ፤ ስወርድ ከመኪናው ወጥተው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡኝ። እንደ ጄኔራል እየተራመድኩ ወደ ቤት ደላላው ቢሮ ገባሁ። ደላላው ለአከራዩ ደወለ፣ "የውጭ አገር ሰው" አለ፣ አዳመጠ፣ ስልኩን ዘጋ። አይፈልጉም። ሌላ ደወለ፤ እሳቸውም አይፈልጉም። ለአንዲት ክፍል ሚሊዮኖች ዎን መያዣ ልትከፍል ተዘጋጅተህ የሚከለክልህ መልክህ ነው፤ በዚህ የሚቀለድ አይመስለኝም፣ ቡናችን ላይም ወሬው እዚህ ሲደርስ ሳቁ ይበርዳል። ቤት ለመከራየት መጀመሪያ "ከየት ነህ" የሚባልበት ሌላም አገር አውቃለሁ። ዛሬ ግን ተረኛዋ ኮሪያ ናት።

ባለፈው ክረምት የደሴው ወዳጃችን ለእረፍት አገር ቤት ገባ። የግል ሕይወቱን ይዞ መሄዱ ነው። በሁለተኛው ቀን ደወለልኝና ኮሪያን በማማት በሰለጠነ አንደበቱ ኢትዮጵያን ያማልኝ ጀመር። ባንክ ቤት ወረፋ ላይ ግማሽ ቀን ቆመ፤ ሊፍቱ መዝጊያ ቁልፍ ብትጫንም አይሰማም፤ ሰዉ ይዘገያል፤ አሥር ሰዓት የተቀጠረ ሰው አሥራ አንድ ተኩል ላይ "መንገድ ላይ ነኝ" ይላል። ኪምቺ አማረኝ አለ። የታክሲ ረዳቱን ሒሳብ በሁለት እጁ ቢሰጠው ልጁ ቀልድ መስሎት ደነገጠ። የአክስቱን ልጅ ፍቅረኛ ገና እንደተዋወቃት ስንት ዓመቷ እንደሆነ ጠየቃት፤ ተቆጣችው።

በኋላ እናቱ ስልኩን ተቀበሉት። እንዴት ነው ልጅዎ አልኳቸው።

"ደህና ነው" አሉ፣ "ግን ወገቡን ምን አድርገውብኝ ነው? ሰው ባየ ቁጥር ጎንበስ፣ ስልክ ሲያወራ እንኳ ለብቻው ጎንበስ፤ እኔ ይኸን ልጅ ለጎረቤት አጎንብሰህ ሰላም በል ብዬ አሥራ ስምንት ዓመት ስጨቀጭቀው አንገቱን ሰብሮ አያውቅም ነበር። የቀጡበትን ነገር ጠይቅልኝና ንገረኝ፣ ታናሽ ወንድሙ አለ።"